የአሮጌ ጀልባ እድሳትና የተጣለችው ገመድ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በአዲስ አበባ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ በጣም የራቀ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ሐይቅ ለማየት እንኳ ቢያንስ እስከ ቢሾፍቱ መውረድ በሚያስፈልግበት ከተማ ተቀምጦ ስለ አሮጌ የሸራ ጀልባ ጥገና ማውራት ሥራ መፍታት ነው የሚል ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን በሰፈራችን የሆነውን ላውጋችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

በወሎ ሰፈር፣ ወደ ጎተራ ከሚወስደው ከኢትዮ ቻይና መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው መንደር፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጐረቤት አሉኝ። ዘመናቸውን ሁሉ በመዝገብ ቤት ሥራ ያሳለፉ፣ ወረቀት ሲጣል ማየት የማይወዱ ሰው ናቸው። በግቢያቸው ውስጥ ከማድ ቤቱ ጀርባ በአሮጌ ቆርቆሮ የተሸፈነች አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለች። ርዝመቷ አራት ሜትር ተኩል ያህላል። ቀድሞ ቤታቸውን ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር በዕረፍት ቀን በመኪና እየጐተተ ላንጋኖ ሐይቅ ያወርዳት ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የማጓጓዣው ሒሳብ ከጀልባዋ ዋጋ ስለ በለጠበት ለቤቱ ባለቤት ትቷት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ዶሮ ሲያድርባትና ልጆች ሲጫወቱባት ኖራለች።

ባለፈው መስከረም የሽማግሌው ልጆች በዚያ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ለመሥራት ስላሰቡ፣ «ወይ ተጠግና ትሸጥ፣ ወይ ተፈልጣ ለማገዶ ትሁን» የሚል ነገር ተነሣ። ሽማግሌውም አንድ ቀን ማታ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ በሬዲዮ አገሩን ሁሉ ስታስተምር የለም እንዴ? እስቲ ስለዚህች ነገር ምከረኝ» አሉኝ። ቀጥሎም ሟች ባለቤታቸው አንድ የፋሲካ ሰሞን በላንጋኖ ሐይቅ ላይ፣ በዚህችው ጀልባ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ነፋሱ ነጠላቸውን ሊነጥቃቸው ሲታገል እየሳቁ እንደ ነበረ ነገሩኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ አናጢ ተጠራ። አናጢው በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን በመሥራት ሰፈሩ የሚያከብረው፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ጀልባዋን ዞረ፤ በመዶሻው እጀታ እዚህም እዚያም መታ መታ አደረገ፤ ፍርዱንም ሰጠ። «ቀለሙ ይፋቃል። ስንጥቁ በሙሉ በስቱኮ ይደፈናል። ይህ በመካከል የተጋደመው ሳንቃ ግን ተሰንጥቋል፤ ለእግርም ያስቸግራል፤ እሱ ይነሣ» አለ። ነገሩ ትክክል መሰለን። ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጋዙን ከዕቃው መካከል አንሥቼ ያቀበልሁ እኔው ነኝ። አናጢው ሊጀምር ሲል ዝናብ መጣና ሥራው ለነገ አደረ።

ያን ሌሊት ስለ ጣና ታንኳ ንግግር ለማዘጋጀት መጽሐፍ ሳገላብጥ የአንዲት ገመድ ታሪክ አገኘሁ። በማለዳ ተነሥቼ ወደ ጐረቤቴ ግቢ የሮጥሁት በዚያች ገመድ ምክንያት ነው። ታሪኩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የጣናን ታንኳ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ የሆነ የአገራችን ታላቁ ሐይቅ ነው። በላዩ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እንዲሁም የእኛ ክፍለ ከተማ በስማቸው ከሚጠራባቸው ከቅዱስ ቂርቆስ ጋር ስሙ አንድ የሆነው ጣና ቂርቆስ የተባሉ ገዳማት አሉ። ለእነዚህ ገዳማት እህሉ፣ ዕጣኑ፣ መጽሐፉና ሰዉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጓጓዝ የኖረው በደንገል ታንኳ ነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭነው የሚሻገሩትን ታንኳዎች ያየ ሰው፣ ክምሩ ከሐይቁ ላይ በራሱ የሚራመድ ይመስለዋል።

ደንገል በሐይቁ ዳርና በረግረጉ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን የሆነ ተክል ነው። የጥንት ግብጻውያን ወረቀት ይሠሩበት የነበረው ፓፒረስ የሚባለው ያው ደንገል ነው። የግንዱ ውስጥ ነጭና ለስላሳ፣ በአየርም የተሞላ ስለ ሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የታንኳው ባለሙያ ደንገሉን ቈርጦ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ በነዶ በነዶ አድርጎ ያስረዋል፤ ነዶውን ከነዶ ጋር እያጣበቀ ያጠብቀዋል፤ ፊቱንም ወደ ላይ ቀና ያደርገዋል። በመጨረሻም ተሳፋሪውና ጭነቱ ከውሃ ከፍ እንዲል በውስጡ ሌላ ነዶ ይረበርባል። ሚስማር የለበትም፤ ሙጫም የለበትም። በዚህ ሙያ በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃን ከውጭ አስቀርቶ በሆዱ አየር ስለሚይዝ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ካገኘችው ይሞላል። የደንገል ታንኳ ግን ውሃን አያስቀርም። ውሃ በነዶዎቹ መካከል ይገባል፤ ይወጣል፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ጠላት የተለያየ ነው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም፤ ባለታንኳው ከሥራ ሲመለስ ከውሃ አውጥቶ በዳር የሚያሰጣው ስለዚህ ነው። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በወራት እንጂ በዓመታት አይቈጠርም። በሳንቃ የተሠራች የእንጨት ጀልባ ደግሞ ከውሃ ወጥታ ብዙ ከቈየች ሳንቃዋ ይደርቃል፣ ይኰማተራል፣ መጋጠሚያዋም ይከፈታል። የወሎ ሰፈሯ ጀልባ በቆርቆሮ ሥር ሆና ያረጀችው በሥራ ብዛት ሳይሆን በድርቀት ነው። አናጢያችን በስቱኮ ሊደፍነው ያሰበው ስንጥቅም አብዛኛው ስብራት ሳይሆን ጥማት ነበረ።

አሁን ወደ ገመዷ ልመለስ። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ በ1939 ዓ.ም. ኮን ቲኪ በተባለ የባልሳ ግንድ መርከብ ከፔሩ ተነሥቶ ሰላማዊውን ውቅያኖስ በማቋረጥ ስሙ በዓለም ታውቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለመሻገር ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም የሚለውን ጥያቄ ራሱ በባሕር ላይ ለመፈተን ተነሣ። ደንገል በባሕር ውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቈይም ብለው የመከሩት ሰዎች ነበሩ። እሱም ወደ አገራችን መጥቶ የጣናን ታንኳዎች አየ፤ ለመርከቡም 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና ተቈርጦ ወደ ግብጽ ተወሰደ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የታንኳ ባለሙያዎች 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን መርከብ ሠሩ። ስሟም በግብጻውያን የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለ። ባለ ሸራ መርከብ ነበረች።

የመርከቧ ቅርጽ የተወሰደው በግብጽ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ጥንታዊ መርከቦች ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ የመርከቡ የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከታጠፈውም ጫፍ አንድ ገመድ ተወጥሮ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የቻድ ሐይቅ ታንኳ ግን ፊቱ ቀና ያለ ቢሆንም ኋላው ቈራጣ ስለ ሆነ፣ ባለሙያዎቹ እንደዚያ ያለ ገመድ በአገራቸው አያውቁም። ገመዱ የተወጠረው ጫፉ እንደ ታጠፈ እንዲቀር ለማድረግ ብቻ ነው ተብሎ ታሰበ። ጫፉ ያለ ገመድም ታጥፎ ሲቀር ታየ። እንግዲያውስ ገመዱ ለምን ያስፈልጋል? መተላለፊያም ይዘጋል! ስለዚህ ገመዱ ተጣለ።

«ራ» ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ከሳፊ ወደብ ተነሣች። ከሰባት አገሮች የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ነበሩባት። የመሪዋ መቅዘፊያዎች በመጀመሪያው ሰሞን ተሰበሩ፤ ይህስ በባሕር የሚያጋጥም ነው። የከፋው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። የመርከቧ የኋላ ወለል በየቀኑ ዝቅ እያለ ሄደ። ማዕበሉም ከኋላ እየገባ በዚያው ተኛ፤ ውሃው ክብደት ሆነ፤ ክብደቱም ወለሉን የበለጠ አወረደው። ያን ጊዜ ነው የገመዷ ምሥጢር የተገለጠላቸው። ለካስ ገመዷ የተወጠረችው ጫፉን ወደ ታች ለመሳብ ሳይሆን ወለሉን ወደ ላይ ለማንጠልጠል ኖሯል! የታጠፈው ጫፍ እንደ ቀስት ሆኖ፣ ገመዷም እንደ ቀስቱ ጅማት ሆና፣ የኋላውን ወለል ተሸክማው ነበር። በግድግዳው ላይ የሣለው ግብጻዊ ጌጥ አልጨመረም። በመካከሉ የአራት ሺህ ዓመት ርቀት ስለ ነበረ ግን «ይህን አትንኩ» ሊላቸው አልቻለም።

መርከቧ ከ50 ቀን በላይ ተጕዛ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከሄደች በኋላ፣ በአንድ ጐኗ ያሉት ማሰሪያዎች እየተበጠሱ ደንገሉ ስለ ተበተነ መርከበኞቹ በሐምሌ ወር ትተዋት በሌላ መርከብ ተሳፈሩ። ሰው አልሞተም። ልብ በሉ፤ ደንገሉ አልከዳቸውም። ሁለት ሳምንት ይቈያል የተባለው የጣና ደንገል ከሰባት ሳምንት በላይ በባሕር ላይ ኖሯል።

ሄየርዳል በዓመቱ እንደገና ጀመረ። ለሁለተኛይቱም መርከብ ደንገሉ ከጣና ነበረ፤ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ናቸው። ርዝመቷ ወደ 12 ሜትር ዝቅ አለ፤ ደንገሉም በሁለት ታላላቅ ጥቅሎች ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚጠመጠም ገመድ ታሰረ። «ራ ሁለት» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ተነሥታ፣ በ57 ቀን 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ፣ ሐምሌ 5 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ዛሬ በኦስሎ ከተማ በኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች። የጥንት ሰዎች በእርግጥ ተሻግረዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ጉዞው አልፈታውም፤ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ብቻ አሳየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስቈጨኝ ነገር አለ። ደንገሉ ሁለት ጊዜ ከጣና ሄደ። ለሥራው ግን አንድ ጊዜ ከቻድ፣ አንድ ጊዜም ከቦሊቪያ ሰው ተጠራ። ሄየርዳልን አልወቅሰውም፤ የመረጠው በዓይኑ ያየውንና ለባሕር ይሆናል ብሎ ያመነበትን አሠራር ነው። ነገር ግን የጣና ባለሙያ ነዶውን እንዴት እንደሚያጠብቅ፣ የትኛውን ደንገል መርጦ የትኛውን እንደሚጥል፣ ለምን እንደሚጥለው፣ እኛ ራሳችን ምን ያህል ጽፈነዋል? መዝገብ ቤቱ የሠሪው እጅ ነው። እጁ ደግሞ ሥራ ካልያዘ ይረሳል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም የሐይቁ ዳር ለእርሻ እየታረሰ የደንገሉ ቦታ ጠብቧል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ የተባለው አረም ውሃውን እየሸፈነ ታንኳውንም ዓሣ አጥማጁንም አስቸግሯል። በባሕር ዳር ወደብ የሞተር ጀልባ በበዛ መጠን የደንገል ታንኳ የሚሠራ ወጣት እየቀነሰ ነው። የሞተር ጀልባው አይምጣ የምል አይደለሁም፤ በሽተኛ ከደሴት ሐኪም ቤት ማድረስ በታንኳ አይሆንም። የምለው፣ ገመዱ ከመጣሉ በፊት ለምን እንደ ታሰረ ሠሪው በሕይወት ሳለ ይጠየቅ ነው።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ወደ ግቢው ስደርስ አናጢው መጋዙን አንሥቶ ነበር። ያነበብሁትን ነገርሁት። ሰውዬው አስተዋይ ነውና አልተቈጣም፤ መጋዙን አስቀምጦ ጀልባዋን እንደ አዲስ መመርመር ጀመረ። የአግዳሚውን ዳር ያዘና የጀልባዋን ሁለት ጐኖች በእጁ ገፋ ገፋ አደረገ። አግዳሚው የመቀመጫ ሳንቃ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ጐኖች እንዳይከፈቱ ወጥሮ የያዘ ማገር ነበረ። ከሥሩም፣ ነፋስ ጀልባዋን ወደ ጐን እንዳይወስዳት ወደ ውሃ የሚወርደው ሰሌዳ ያለበት ጠባብ ሣጥን ተደግፎበታል። አግዳሚው ቢነሣ ኖሮ ሸራው ነፋስ በያዘ ቍጥር ሣጥኑ ይወዛወዛል፤ ከሥሩም ውሃ ይገባል። ይህን ደግሞ የምናውቀው በላንጋኖ መካከል በሆነ ነበር። አናጢው ራሱን ነቀነቀና፣ «ጋሼ፣ ይህስ የቤት ዋና ምሰሶ ማለት ነው» አላቸው። ሽማግሌው፣ «እኔስ እሷ ተቀምጣበት ስለ ነበረ ነው ዝም ያልሁት» ብለው መለሱ።

ከዚህ በኋላ የተሠራውን፣ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ለሚያድስ ሰው ሁሉ ስለሚጠቅም፣ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። በመጀመሪያ ምንም ነገር ሳይነቀል ጀልባዋ በሁሉም ጐን ፎቶግራፍ ተነሣች፤ የሚነቀለውም ሁሉ ቍጥር ተጻፈበት። በዚህ ረገድ የቀድሞው የመዝገብ ቤት ሹም የሚስተካከላቸው አልተገኘም። ቀጥሎ የበሰበሰው ከደኅናው ተለየ። ለዚህ ከስፌት ወስፌ የተሻለ መሣሪያ የለም። ወስፌው ደኅናውን እንጨት ሲነካ ይገታል፤ የበሰበሰውን ሲነካ ግን፣ ቀለሙ ከላይ ቢያብረቀርቅም፣ እንደ ዳቦ ይገባበታል። መበስበስ የተገኘው እኛ በጠረጠርነው በታችኛው ወለል ሳይሆን የክረምት ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ በሚጠራቀምበት በኋለኛው ማዕዘን ነው። ለእንጨት ከሐይቅ ውሃ ይልቅ መውጫና አየር ያጣ የዝናብ ውሃ ይብስበታል።

የበሰበሰው እስከ ደኅናው እንጨት ድረስ ተቈርጦ ወጣ። አዲሱ ሳንቃ ከአሮጌው ጋር የተገናኘው ጫፍ ለጫፍ ሳይሆን በሰያፍ ነው። የሰያፉ ርዝመት የሳንቃውን ውፍረት ስምንት እጥፍ መሆን ይገባዋል፤ ሳንቃው 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው መጋጠሚያው 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ ክርክር ነበረ። ጽድ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ለሚስማሩ አስቀድሞ ካልተበሳ ይሰነጠቃል። ዝግባ ለመላግ ይመቻል፤ እርጥበትን ግን አይችልም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ዋንዛ ለሁሉም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አገር በቀል ዛፎችን መቍረጥ በሕግ የተገደበ ስለ ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ለልማት ከተነሡት አሮጌ ቤቶች የወጣ የዋንዛ በር ተፈልጎ ተገዛ። የካዛንቺስ በር የጀልባ ጐን ሆነ ማለት ነው። የተሰነጠቀው አግዳሚም ተነቅሎ፣ በልኩ በዚያው እንጨት ሌላ ተሠርቶ፣ በቦታው ገባ።

ሚስማሩ የመዳብ ነበረ። አናጢው የጐደለውን በብረት ሚስማር ሊተካ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብረትና መዳብ በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ፈጥኖ ስለሚበላ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ነጋዴ የመዳብ ዘንግ ተገዝቶ በእጅ ተቀጠቀጠ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የመጋጠሚያው ነገር ነው። በደረቀው ክፍተት ውስጥ የሚደርቅና የሚጠነክር ነገር ቢሞላ፣ ሳንቃው ውሃ ጠጥቶ ባበጠ ጊዜ መሄጃ ስለሚያጣ ሚስማሩን ይነቅላል፤ የጀልባዋንም የጐድን እንጨት ይሰብራል። ስለዚህ የተባዘተ ጥጥ ላላ ተደርጎ ተፈትሎ ሳይጠብቅ ገባ፤ በላዩም ለስላሳ ስቱኮ በተልባ ዘይት ተለውሶ ተቀባ። የቀረውን ውሃው ራሱ ያጠብቀዋል።

ሸራው አይጥ በልቶት ነበር፤ ቢሆንም ሳይጣል እንደ ልክ ሆኖ አገልግሏል። መርካቶ ሸራ ተራ ይዘነው ስንሄድ ሰፊው ዘርግቶ አየውና፣ «የምን መኪና ነው?» አለን። የጀልባ መሆኑን ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ግን አሮጌውን ስፌት በጣቱ እየተከተለ ጠርዙ ቀጥ ያለ አለመሆኑን እሱ ራሱ አስተዋለ። የሸራ ጠርዝ በትንሹ ጎበጥ ተደርጎ የሚቈረጠው ነፋስ ሲገባበት ሆድ እንዲያወጣ ነው። አሮጌው ሸራ ባይኖር ኖሮ እኛ ቀጥ አድርገን እናስቈርጠው ነበር።

አሁን ጀልባዋ ወደ አጥሩ ጥግ ተዛውራለች፤ ለአዲሱ ክፍልም መሠረት ተቈፍሯል። ልጆቹ ስለ መሸጥ ያነሡትን ነገር ከዚያ ወዲህ በግቢው ሲነገር አልሰማሁም። የቀረው ሥራ ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው። ወደ ላንጋኖ ከመውረዷ በፊት ሳንቃዋ እንዲያብጥ ለብዙ ቀን ሆዷ እርጥብ ሆኖ መሰንበት አለበት። ሽማግሌው በየማለዳው በባልዲ እየቀዱ ያፈሱባታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀልባ ማጠጣት ጐረቤት አጕረመረመበት። ስለዚህ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ የመንደሩ ሴቶች የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ ሳይደፉ ለእሳቸው ማቈየት ጀምረዋል። ትናንት ማታ ሳልፍ አየሁት፤ ከሥር የሚንጠባጠበው ከሦስት ቦታ ወደ አንድ ቦታ ተቀንሷል።